ሥዕል መስቀል ቀላል ነው፣ ሥልጣን ማካፈሉ ነው የከበደው

አውስትራሊያ ውስጥ ወደ ትልልቅ ሆስፒታሎች ስትገቡ መግቢያው ላይ ብዙ ጊዜ የአቦርጂናል፣ ማለትም የአገሩ ነባር ሕዝብ፣ ሠዓሊዎች ሥራ ተሰቅሎ ታያላችሁ። ከጎኑ ሆስፒታሉ የቆመበት መሬት የየትኛው ነባር ሕዝብ እንደሆነ የሚገልጽ ሰሌዳ አለ። የአቦርጂናልና የቶረስ ስትሬት ደሴቶች ባንዲራዎችም ይሰቀላሉ። ይሄ ሁሉ ደስ ይላል፣ ከምንም ይሻላል። ችግሩ፣ በአገር ደረጃ ሲታይ ሕክምናቸውን ሳይጨርሱ ከሆስፒታል ጥለው የሚወጡ አቦርጂናል ታካሚዎች መጠን ከሌላው ሕዝብ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ሰው ታሞ፣ ሞት እያስፈራው፣ አልጋ ይዞ ሳለ ተነሥቶ የሚሄደው ለምንድን ነው?

ብዙ ሰው አፉ ላይ የሚመጣለት መልስ «ለጤናቸው ግድ ስለሌላቸው ነው» የሚል ነው። እኔ በዚህ በፍጹም አልስማማም። ሰው ጥሎ የሚሄደው እንደማይፈለግ የተሰማው ቦታ ነው። ያንን ስሜት ደግሞ በሥዕልና በሰሌዳ ብቻ ማጥፋት አይቻልም።

እስቲ መጀመሪያ ቁጥሮቹን እንያቸው (ዓመቶቹም ወሮቹም ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። በ2021 ግምት አውስትራሊያ ውስጥ 983,700 ያህል የአቦርጂናልና የቶረስ ስትሬት ደሴቶች ተወላጆች ነበሩ፤ ከአገሩ ሕዝብ 3.8 በመቶ መሆናቸው ነው። ከ2020 እስከ 2022 ባለው ስሌት፣ አንድ ተወላጅ ወንድ ሲወለድ የሚጠበቅለት ዕድሜ 71.9 ዓመት ነው፣ የሴቷ 75.6። ከሌላው አውስትራሊያዊ ጋር ሲነጻጸር ወንዱ 8.8፣ ሴቷ 8.1 ዓመት ያንሳቸዋል። በዓለም ከበለጸጉ አገሮች በአንዱ ውስጥ፣ ሜዲኬር የሚባል ለሁሉም ዜጋ የተዘረጋ የጤና ዋስትና ባለበት አገር ማለት ነው። ድህነት አለ፣ ርቀት አለ፣ የመኖሪያ ቤት ችግር አለ። ሐኪም ቤት ደጃፍ ላይ ደርሶ የሚመለሰውን ሰው ግን እነዚህ ብቻ አያስረዱትም።

ፍርሃቱ ከየት መጣ ካላችሁ፣ ታሪክ አለው። ከ1908 እስከ 1919 ድረስ የምዕራብ አውስትራሊያ ግዛት መንግሥት «የአባላዘር በሽታ አለባቸው» የተባሉ አቦርጂናሎችን ከየመንደራቸው ለቅሞ በርኒየርና ዶር በሚባሉ ሁለት ደረቅ ደሴቶች ላይ አስቀምጦ ነበር። አንዳንዶቹ አንገታቸው በሰንሰለት ታስሮ ነው የተወሰዱት። ብዙዎቹ ቤተሰባቸውን ዳግም ሳያዩ እዚያው ሞቱ። የቦታው ስም ግን «ሆስፒታል» ነበር። ከዚያም በኋላ በብዙ ከተሞች አቦርጂናሎች የሚተኙት በተለየ ዋርድ ወይም በረንዳ ላይ ነበር። እስከ 1970 ገደማ ደግሞ ሕፃናትን ከእናቶቻቸው መንጠቅ የመንግሥት ፖሊሲ ነበር፤ ከወሊድ ክፍል በቀጥታ የተወሰዱም አሉ። ለዚህ የአገሪቱ ጠቅላይ ሚኒስትር በፓርላማ ይቅርታ የጠየቁት የካቲት 13 ቀን 2008 ነው። ዛሬም የአቦርጂናል ልጆች ከቤተሰባቸው ተለይተው በመንግሥት ክትትል ሥር የሚያድጉበት መጠን ከሌሎች ልጆች ከ10 እጥፍ በላይ ነው።

ስለዚህ አንዲት አቦርጂናል እናት የታመመ ልጇን ይዛ ወደ ድንገተኛ ክፍል ስትገባ «ልጄ ይድን ይሆን?» ብላ ብቻ አይደለም የምትጨነቀው። «ይወስዱብኝ ይሆን?» የሚለውም ከኋላ አለ። ነርሷ ፎርም አውጥታ «ቤት ውስጥ ስንት ሰው ይኖራል? አባትየው የት ነው?» ብላ ስትጠይቃት፣ ለነርሷ ተራ ጥያቄ ነው፣ ለእናትየዋ ግን አያቷ ላይ የደረሰው ነገር መጀመሪያ ነው።

አሁን ደግሞ ቅርብ ጊዜ ወደሆነ ነገር ልምጣ። ይሄን ታሪክ ባወራሁት ቁጥር ውስጤ ይቃጠላል። በኒው ሳውዝ ዌልስ ግዛት፣ አንዲት የዊራጁሪ ሕዝብ ተወላጅ ነበረች፤ 27 ዓመቷ፣ ነፍሰ ጡር። ለወራት ያስመልሳታል፣ ያማታል። በእነዚያ ወራት 18 ጊዜ ያህል ሕክምና ፍለጋ ሄዳለች። ወደ ዕጽና አልኮል ሱስ አገልግሎት ተመርታለች፣ የሕመሟን መንስኤ የሚመረምር ስፔሻሊስት ጋር ግን አልተላከችም። የ2016 አዲስ ዓመት በገባበት ሌሊት በጣም አሟት እንደገና ሆስፒታል ሄደች። ሁለት ፓራሲታሞል ተሰጣት፣ ከ40 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ወደ ቤቷ ተመለሰች። በዚያው ቀን ኢንፌክሽኑ ደሟ ውስጥ ተሠራጭቶ ሞተች፤ ጽንሱም አብሮ። በ2019 የአሟሟቷን ምክንያት የመረመሩት ዳኛ ውሳኔያቸው ውስጥ፣ ሳይታወቅ በሰው ጭንቅላት ውስጥ የሚሠራ የዘር አድልዎ የሚባለውን ነገር በግልጽ አነሡ፤ ሆስፒታሉ ይህንን በራሱ ላይ እንዲመረምርና የአቦርጂናል ሠራተኞችና ተወካዮች እንዲበረክቱ ሐሳብ አቀረቡ።

እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ። በዚያ ሌሊት ማንም አልሰደባትም። ማንም «አናክምሽም» አላላትም። በር ተከፍቶላታል፣ መድኃኒት ተሰጥቷታል፣ ተመዝግባለች። የጎደለው ነገር፣ «ይቺ ሴት 18 ጊዜ የምትመላለሰው የሆነ ነገር ቢኖር ነው» ብሎ ማመን ነው። ይሄ በፈገግታ የሚሞላ ጉድለት አይደለም።

ለዚህ ዓይነቱ ጉድለት መጀመሪያ ስም የሰጡት ጎረቤት አገር ኒውዚላንድ ያሉ የማኦሪ ነርሶች ናቸው። ግንባር ቀደሟ ኢሪሀፔቲ ራምስደን ትባላለች፤ በ2003 ነው ያረፈችው። እሷና ጓደኞቿ በ1980ዎቹ መጨረሻ ያነሡት ሐሳብ ቀላል ይመስላል። ነርስ ስትሠለጥኑ ታካሚው እንዳይወድቅ፣ ኢንፌክሽን እንዳይዘው፣ መድኃኒት እንዳይሳሳትበት ትማራላችሁ። ታዲያ ማንነቱ እንዳይጎዳስ ለምን አትማሩም? የባህል ደኅንነት አሉት። በ1992 የኒውዚላንድ የነርሶች ምክር ቤት በትምህርቱ ውስጥ አስገባው። ጋዜጦች ጮኹ፣ «ነርሶቻችንን ፖለቲካ እያስተማሯቸው ነው» ተባለ፣ ነገሩ ፓርላማ ድረስ ሄደ። እነ ራምስደን ግን አልተመለሱም።

የሐሳቡ ዋና አጥንት አንድ ነገር ነው፤ አገልግሎቱ ደኅና ነበር ወይስ አልነበረም የሚለውን የሚፈርደው ታካሚው ነው። ሐኪሙ አይደለም፣ ሆስፒታሉም አይደለም። «እኔ ሁሉንም እኩል ነው የማየው» ማለት እዚህ ቦታ የለውም፣ ምክንያቱም የአንተን እኩልነት የሚመሰክረው ወዲያ ማዶ ያለው ሰው ነው። አውስትራሊያም ዘግይታ ቢሆን ተቀብላዋለች፤ በ2022 የጤና ባለሙያዎችን ፈቃድ የሚገዛው ሕግ ሲሻሻል ይሄ ነገር ገብቷል። ወረቀቱ ላይ እንግዲህ አለ።

በተግባርስ? ብዙ ተቋማት የሚያደርጉት የአንድ ቀን ሥልጠና ነው። አዳራሽ ውስጥ ስላይድ ይታያል፦ አቦርጂናሎች ዐይን ለዐይን መተያየት ላይወዱ ይችላሉ፣ የሞተን ሰው ስም አትጥሩ፣ የሴት ጉዳይ በሴት፣ የወንድ ጉዳይ በወንድ ይያዝ፣ ለቅሶ ከሁሉም ይቀድማል። ሻይ ይጠጣል፣ ሰርተፍኬት ይታደላል፣ በቃ። እውነት ለመናገር ይሄ ዓይነቱ ሥልጠና ብቻውን አንዳንዴ ጉዳት አለው። ከ250 በላይ ቋንቋዎች የነበሩትን ሕዝብ በአንድ ገጽ ዝርዝር ውስጥ ይጨምቀዋል። ሲድኒ ተወልዶ ያደገ የባንክ ሠራተኛና በረሃ መሃል ፒንቱፒ ብቻ የሚናገሩ አዛውንት አንድ ዓይነት «ባህል» ያላቸው ያስመስላል። ነርሷም «ተምሬያለሁ» ብላ መጠየቋን ታቆማለች።

ቋንቋውን ካነሣን አይቀር፣ በ2002 የወጣ አንድ ጥናት አለ። በሰሜን አውስትራሊያ ዮልኙ ከሚባለው ሕዝብ የመጡ የኩላሊት ታካሚዎችና ሐኪሞቻቸው ሲነጋገሩ ተቀርጾ፣ በኋላ ሁለቱም ወገኖች ምን እንደተረዱ ተጠየቁ። አልተግባቡም ነበር፤ የሚያስደነግጠው ግን አለመግባባታቸውንም ብዙ ጊዜ አላወቁትም። ሐኪሙ አስረድቻለሁ ብሎ ወጥቷል፣ ታካሚው ደግሞ በጨዋነት «እሺ፣ እሺ» ብሎ ሸኝቶታል። ይሄን ነገር እኛ በደንብ እናውቀዋለን። ሐኪም ፊት ቁጭ ብሎ ያልገባውን «ገባኝ ዶክተር» ያላለ ሐበሻ ካለ ይንገረኝ። ሐኪምን ደግሞ ደጋግሞ መጠየቅ ድፍረት ይመስለናል። እንግዲህ ኩላሊቱ ሥራ ያቆመ ሰው፣ ለምን በሳምንት ሦስት ቀን ደም የሚያጥብ ማሽን ላይ እንደሚቀመጥ በቅጡ ሳይገባው ሲቀር ምን ይሆናል? ይቀራል። ሲቀር ደግሞ ፋይሉ ላይ «ታካሚው አይተባበርም» ተብሎ ይጻፋል።

ኩላሊቱን ያነሣሁት በምክንያት ነው። እኔ ከማውቃቸው ምሳሌዎች ሁሉ ልቤን የሚነካው ከዚሁ ከኩላሊት ሕክምና የመጣው ነው።

ኪንቶር የምትባል መንደር አለች፣ አሊስ ስፕሪንግስ ከምትባለው ከተማ በስተምዕራብ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ፣ በረሃ ውስጥ። የፒንቱፒ ሕዝብ መኖሪያ ናት። በ1990ዎቹ እዚያ ኩላሊቱ የደከመበት ሰው ምርጫው ሁለት ነበር፤ ወይ ከተማ ሄዶ እስከ ዕለተ ሞቱ ማሽን አጠገብ መኖር፣ ወይ አገሩ ላይ ቀርቶ መሞት። ከተማ የሄዱት አዛውንቶች ዘመድ በሌለበት፣ ቋንቋቸውን የሚሰማ በጠፋበት ቀሩ። የልጅ ልጆቻቸውን ታሪክና ሥርዓት ማስተማር ያለባቸው እነሱ ነበሩ። ብዙዎች እጥበቱን ጥለው ተመለሱ፣ ሞቱም። መንግሥት ማሽኑን ወደ መንደር እንዲያመጣ ተጠየቀ። ውድ ነው፣ አይሆንም ተባለ።

የኪንቶርና ኪዊርኩራ የምትባለው የሌላዋ የፒንቱፒ መንደር ሰዎች ግን አንድ ሀብት ነበራቸው። ፓፑንያ ቱላ የሚባለው በዓለም የታወቀ የሠዓሊዎች ማኅበር አባላት እነሱ ናቸው። ወንዶቹ ለብቻቸው፣ ሴቶቹ ለብቻቸው ሆነው በጋራ ትልልቅ ሸራዎች ሣሉ። በኅዳር ወር 2000 ሲድኒ በሚገኘው የኒው ሳውዝ ዌልስ የሥነ ጥበብ ማዕከል ጨረታ ወጣ። ከ1 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር በላይ ተሰበሰበ። በዚያ ገንዘብ የራሳቸውን ድርጅት አቋቋሙ፣ በ2004 ኪንቶር ውስጥ የመጀመሪያው ማሽን ሥራ ጀመረ። ሰው አገሩ ላይ ሆኖ፣ ቤተሰቡ መሃል፣ ደሙን አሳጠበ።

ድርጅቱ ዛሬ ፐርፕል ሃውስ ተብሎ ይታወቃል፤ አሊስ ስፕሪንግስ ያለው ቤት ወይን ጠጅ ቀለም የተቀባ ስለነበር ነው። ራቅ ባሉ ከ15 በላይ መንደሮች ውስጥ የኩላሊት እጥበት ይሰጣል፣ ማሽን ተጭኖበት ከመንደር መንደር የሚዞር መኪናም አለው፤ ከተማ የቀሩ ታካሚዎች ለለቅሶ ወይም ለበዓል አገራቸው ደርሰው እንዲመለሱ። አሊስ ስፕሪንግስ ያለው ቤት ጊቢ ውስጥ እሳት ይነድዳል፣ ሰው ዙሪያውን ይቀመጣል፣ ይጨዋወታል። ከበረሃ ቅጠል የሚዘጋጅ ባህላዊ መድኃኒትም ይሠራሉ። ቦርዱ የአቦርጂናል ሰዎች ነው፤ ማን ይቀጠር፣ ገንዘቡ ምን ላይ ይዋል የሚለውን የሚወስኑት እነሱ ናቸው። «አይሆንም» ያለው መንግሥትም በኅዳር 2018 ራቅ ባሉ ቦታዎች ለሚሰጥ እጥበት ከሜዲኬር ክፍያ ፈቀደ። አሥራ ስምንት ዓመት ፈጀ፣ ግን ሆነ።

ይሄን ከሥልጠናው አዳራሽ ጋር አስተያዩት። ፒንቱፒዎቹ «ባህላችንን አክብሩልን» ብለው አልቆሙም። ሆስፒታል ውስጥ ለባህላቸው የሚሆን ጥግ አልለመኑም። ሕክምናውን ራሱን ወሰዱት። ወንበሩን፣ በጀቱን፣ የቅጥር ውሳኔውን። የፈረንጅ ነርሶችም ይሠሩበታል፣ ማሽኑም ያው ማሽን ነው። የተለወጠው አለቃው ነው።

ሐሳቡ ደግሞ አዲስ አይደለም። በ1971 ሲድኒ ሬድፈርን በሚባለው ሠፈር አቦርጂናሎች አንዲት ሱቅ የምታክል ክሊኒክ ከፈቱ፣ ሐኪሞቹ በነጻ ይሠሩ ነበር። በአገሪቱ በነባር ሕዝቡ የሚተዳደር የመጀመሪያው የጤና ተቋም ያ ነው። ዛሬ እንደሱ ያሉ ከ140 በላይ ድርጅቶች አሉ። ሬድፈርን ሲጀመር ከረዱት አንዱ የዐይን ሐኪሙ ፍሬድ ሆሎውስ ነው፤ በኋላ ኤርትራ ድረስ መጥቶ የሠራው፣ በስሙ የተቋቋመው ድርጅትም ኢትዮጵያ ውስጥ ትራኮማን በመዋጋት የሚታወቀው። ክሊኒኩን ያቋቋሙት ግን እሱ ሳይሆን የሠፈሩ ሰዎች ናቸው፤ እሱ ሲጠሩት የመጣ ነው። ጥሩ እርዳታ ማለት ለእኔ ይሄ ነው፤ ተጠርቶ መምጣት።

የወሊዱም ነገር እንደዚሁ ነው። ገጠር ያሉ አቦርጂናል ሴቶች የመውለጃቸው ጊዜ ሲቃረብ በአውሮፕላን ወይም በመኪና ወደ ከተማ ይላካሉ፣ ሆስቴል ውስጥ ሳምንታት ይጠብቃሉ፣ ብቻቸውን ያምጣሉ። ከተማ ያሉትም ቢሆኑ በየቀጠሮው አዲስ ፊት ነው የሚያዩት። ብሪዝበን ውስጥ ሁለት የአቦርጂናል ጤና ድርጅቶችና አንድ ትልቅ የወሊድ ሆስፒታል ተባብረው ሌላ መንገድ ሞከሩ፤ ከእርግዝና ጀምሮ ከወሊድም በኋላ አንዲት የምትታወቅ አዋላጅ፣ በቀንም በሌሊትም የምትደወልላት። የአቦርጂናል ቤተሰብ ደጋፊ ሠራተኞች፣ ትራንስፖርት፣ ሠፈር ውስጥ ያለ ቤት። በ2021 የወጣው ጥናት እንዳሳየው በዚህ አገልግሎት የታቀፉት ያለጊዜው የመውለድ ዕድላቸው በ38 በመቶ ያነሰ ነበር። አዲስ መድኃኒት የለበትም። አዲስ ማሽን የለበትም።

እኛ አገር ቤትም ይሄው ታይቷል። እናቶች ጤና ጣቢያ አንወልድም ሲሉ ብዙ ቦታ «ግንዛቤ የላቸውም» ይባል ነበር። በኋላ አንዳንድ ጤና ጣቢያዎች የእናቶች ማቆያ ቤት ሠርተው፣ ገንፎ እንዲገነፋ፣ ቡና እንዲፈላ፣ ዘመድ አብሮ እንዲገባ ሲያደርጉ እናቶቹ መጡ። ግንዛቤ የጎደለው ማን ነበር ታዲያ?

አንድ ተቃውሞ ሁሌ ይነሣል፣ መልስ ይገባዋል። «ለአንድ ወገን የተለየ አገልግሎት መስጠት አድልዎ አይደለም ወይ? ሁላችንም ግብር ከፋይ ነን» ይባላል። በጥቅምት 2023 ነባር ሕዝቦች በሕገ መንግሥቱ በኩል ለፓርላማ ሐሳብ የሚያቀርቡበት አካል ይኑራቸው የሚለው ሐሳብ ለሕዝበ ውሳኔ ቀርቦ 60 በመቶ ያህሉ መራጭ እምቢ ያለው በከፊል በዚሁ ሙግት ነው። የእኔ መልስ ይሄ ነው። ያለው ሆስፒታልም ለአንድ ወገን ባህል ተስማምቶ የተሠራ ነው፤ ያ ወገን ብዙሃኑ ስለሆነ ነው የማይታየን። ጠያቂ ሁለት ሰው ብቻ ይግባ የሚለው ደንብ፣ የእያንዳንዱ ቀጠሮ 15 ደቂቃ፣ «የቅርብ ዘመድ» ብሎ አንድ ስም ብቻ የሚጠይቀው ፎርም፣ እነዚህ ከሰማይ አልወረዱም። ከአንድ ዓይነት አኗኗር ነው የመጡት። እኛ ስደተኞቹም እኮ ታማሚ ልንጠይቅ አሥር ሆነን ሄደን በር ላይ ስንመለስ ይሰማናል።

መንግሥት ይሄን አያውቅም ማለት አይቻልም። በሐምሌ 2020 ሁሉም የአውስትራሊያ መንግሥታት፣ የፌዴራሉም የግዛቶቹም፣ ከነባር ሕዝቦች ድርጅቶች ጋር ስምምነት ፈርመዋል። ውሳኔ በጋራ እንዲሰጥ፣ አገልግሎት ወደ ማኅበረሰቡ ድርጅቶች እንዲተላለፍ፣ መሥሪያ ቤቶችም አሠራራቸውን እንዲቀይሩ። በ2024 መጀመሪያ የራሱ የመንግሥት ገለልተኛ የምርመራ ኮሚሽን ነገሩን አይቶ፣ መንግሥታቱ ቃላቸውን በአብዛኛው አልፈጸሙም፣ የድሮው አሠራር እንዳለ ነው ብሎ ጻፈ። ሥልጠናው ቀጥሏል፣ ሥዕሉ ተሰቅሏል፣ በጀቱ ግን አሁንም አጭር ጊዜ የሚቆይ፣ ሪፖርቱ የበዛ፣ ከዋና ከተማ የሚወሰን ነው። አንድ የሚያናድደኝ ነገር ቢኖር ይሄ ነው። መንገዱ ጠፍቶ ቢሆን ይገባኝ ነበር። መንገዱ ከ1971 ጀምሮ ይታወቃል።

ይሄን በአማርኛ የምጽፈው ያለ ምክንያት አይደለም። ሜልቦርንም ሆነ ፐርዝ ብዙ ወገኖቻችን በነርስነት፣ በአረጋውያን እንክብካቤ፣ በአካል ጉዳተኞች ድጋፍ ይሠራሉ። አቦርጂናል ታካሚ ፊታችሁ ሲመጣ እናንተ በዚያች ሰዓት የተቋሙ ፊት ናችሁ። ጥቁር መሆናችን ብቻውን ወዳጅ አያደርገንም፤ ዩኒፎርሙ ዩኒፎርም ነው። ፖሊሲ መቀየር ላትችሉ ትችላላችሁ፣ ፈረቃችሁ ላይ ግን የምትችሉት አለ። ፎርሙን ከመዘርጋታችሁ በፊት «አገርህ የት ነው? ዘመዶችህ እነማን ናቸው?» ብላችሁ ጠይቁ፣ የራሳችሁንም ንገሩ፤ ይሄ ጊዜ ማባከን አይደለም፣ እዚያ ሰው የሚተዋወቀው እንደዚህ ነው። «ገባህ?» አትበሉ፣ «ቤት ስትገባ ለሚስትህ ምን ብለህ ትነግራታለህ?» በሉ። ዝም ካለ ታገሡ፣ ዝምታውን በሌላ ጥያቄ አትሙሉት። እሄዳለሁ ብሎ ጫማውን ሲያደርግ ካያችሁት ፊርማ ከማስፈረማችሁ በፊት ለምን እንደሆነ ጠይቁት፤ ለቅሶ ሊሆን ይችላል፣ ውጪ የቀረች ልጅ ልትኖር ትችላለች፣ መድኃኒቱን ይዞ ሄዶ ነገ የሚመለስበት መንገድ ይኖራል። ሆስፒታሉ የአቦርጂናል ጤና ሠራተኛ ካለው አሁኑኑ ጥሩት፣ ነገሩ ከተበላሸ በኋላ አይደለም። ሰሜን ግዛት ከሆናችሁ ደግሞ ከ2000 ጀምሮ የሚሠራ የአቦርጂናል ቋንቋዎች አስተርጓሚ አገልግሎት አለ፣ በስልክም ይሠራል፤ ቁጥሩን ነርሶች ጣቢያ ላይ ለጥፉት።